«በደንብ ብዪ» ደም ማነስን አያክምም

በወላይታ አንዲት ነፍሰ ጡር ፊቷ ሲገረጣ፣ ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ያየ ሁሉ መድኃኒቱ አፉ ላይ ነው። «በደንብ ብዪ እንጂ!» አማቷ ትላታለች፤ ጎረቤቷ ይደግመዋል፤ ወረፋ የበዛበት የጤና ባለሙያም ካርዷ ላይ እየጻፈ ያንኑ ይጨምርላታል። ከሶዶ ገበያ ቀይ ሥር ይገዛል፤ አቅም ያለው ጉበት ያፈላልጋል፤ ስለ ቀይ ጤፍ ይወራል። ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ደም ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ሴትየዋ የተባለችውን ለማድረግ ትሞክራለች። ከወር በኋላ ለክትትል ስትመለስ ድካሙም አብሯት ይመጣል። ያኔ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፤ አልበላችማ።

በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ደም ማነስ የማዕድ ጉድለት ነው፣ መፍትሔውም ከማዕድ ይገኛል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ግን የተሳሳተ ነው። ምግብ አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። ስህተቱ ምግብን ብቸኛ ምክንያትና ብቸኛ መድኃኒት ማድረጉ ላይ ነው። በዚህ እምነት የተነሳ ከሆዷ ውስጥ ደም የሚመጠው ትል ይረሳል። ወባው ይረሳል። ያልተለካው ደም፣ ተሰጥቶ ያልተዋጠው ኪኒን ከቁጥር አይገባም። ጤና ጣቢያውም፣ ባልም፣ ወረዳውም ሊካፈሉት የሚገባው ኃላፊነት ሁሉ በአንዲት የደከመች ሴት ሳህን ላይ ይከመራል።

ነገሩን ከሰውነቷ እንጀምር። ሴት ስትፀንስ የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል። አብዛኛው ጭማሪ ግን ውሃማው የደም ክፍል ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ ሕዋሳት ከዚያ ያነሰ ነው የሚጨምሩት። ስለዚህ ደሟ ይቀጥናል። ጽንሱ፣ እንግዴ ልጁና የራሷ አዲስ ደም ተደምረው በእርግዝናው ዘመን ወደ 1,000 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ብረት ይፈልጋሉ። ይህ ፍላጎት በዘጠኙ ወር ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ ሸክሙ የሚከብደው ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ ባሉት ወራት ነው። ገና ከመፀነሷ በፊት የብረት ጎተራዋ የጎደለ ሴት በእነዚህ ወራት ጉድለቱን ከምግብ ብቻ ለመሙላት ጊዜም አቅምም አይበቃትም።

ቀይ ሥርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጥሩ ምግብ ነው፤ ፎሌት አለው፤ ለነፍሰ ጡርም ይመከራል። ብረቱ ግን በ100 ግራም ውስጥ 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ 0.8 ገደማ ነው። በጤና ኬላ በነጻ የምትሰጠው አንዲት የአይረን ኪኒን 60 ሚሊ ግራም ብረት ትይዛለች። ያንን ከቀይ ሥር ላግኝ የምትል ሴት በቀን ሰባት ኪሎ ተኩል መብላት ይኖርባታል። የቀይ ሥር ቅላት ከብረት አይመጣም፤ የራሱ ማቅለሚያ ነው።

ስለ ቀይ ጤፍ የሚነገረውም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም። ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ኢትዮጵያውያን በየቀኑ ከምግባቸው የሚያገኙትን ብረት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ውጤቱን አሳትሞ ነበር። የተገኘው መጠን ለማመን የሚከብድ ከፍተኛ ነበር። ምንጩ ሲፈለግ ግን ብዙው ብረት ከእህሉ አልመጣም፤ እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ አብሮት ከገባው አፈር ነበር። የአፈር ብረት በላቦራቶሪ ይቆጠር እንጂ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። «ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ደም አያጥረውም» የሚለው ኩራት የተሠራው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ደግሞስ የወላይታ ገበሬ ቤት የዘወትር ማዕድ ጤፍ ነው?

የወላይታ ማዕድ እንሰት ነው፤ በቆሎ ነው፤ ስኳር ድንች፣ ቦይና፣ አደንጓሬና ጎመን ነው። በአንዳንድ ወረዳዎች ካሳቫም አለ። ሥራሥር ሆድ ይሞላል፤ ድርቅንም ይችላል፤ ብረትና ፕሮቲን ግን በጥቂቱ ነው ያለው። በቆሎና አደንጓሬ ውስጥ ያለውን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ አይለቀውም። ስጋ የተሻለ ብረት አለው፤ ሰውነትም በቀላሉ ይቀበለዋል። የወላይታ ሰው ስጋ አዋቂነት በአገር የታወቀ ነው፤ የሶዶን ቁርጥና ዳጣ ለመቅመስ ከሩቅ የሚመጣም አለ። ይሁን እንጂ የገጠሯ ነፍሰ ጡር ስጋ የምታገኘው ለዘመን መለወጫው ለጊፋታና ለመስቀል፣ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ሲጥል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቆጠራ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ የብዙው ገበሬ መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በዚህች መሬት ላይ ለምትኖር ሴት «ጉበትና ስጋ ብዪ» ማለት የማይደረስበትን ማዘዝ ነው። ሳይደረስበት ሲቀር ደግሞ እሷው ትወቀሳለች።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው አንድ ጠንካራ ነገር ይላል፤ ማዕዱ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ችግሩ ምግብ ነው ማለት አይደለም ወይ? በከፊል ነው። ነገር ግን በምግብ ብቻ የሚገለጽ ቢሆን ኖሮ የአገሪቱ ካርታ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በሶማሌ ክልል ከ100 ሴቶች ወደ 60 በሚጠጉት፣ በአፋር ደግሞ 45 በሚሆኑት ላይ ደም ማነስ አግኝቷል። ግመሉና ከብቱ ያለው፣ ወተቱ የሚታለበው እዚያ ነው። በያኔው ደቡብ ክልል ቁጥሩ 23 ገደማ ነበር። በአገር ደረጃ ከ2011 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ከ22 በመቶ ወደ 29 በመቶ ከፍ ብሏል። በእነዚህ ዓመታት «በደንብ ብዪ» የሚለው ምክር አልተቋረጠም።

በወላይታ ደም የሚፈስበትን ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ እግር ይመልከት። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል እጩ ከሰገራ በተበከለ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቆይና በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ በደም ሥርና በሳንባ ተጉዞ አንጀት ላይ ይጣበቃል። በአገራችን የሚበዛው ዓይነት አንዱ ትል በቀን የሚያፈሰው ደም 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ምንም አይመስልም። መቶ ትል ግን በቀን 3 ሚሊ ሊትር፣ በወር 90 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወስዳል። ይህን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ከላይ ቀይ ሥር መጨመር በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ወላይታ ለአፈርና ለባዶ እግር ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ፣ እዚህ ስንት ሰው እንደሚያሠቃይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆኑት እንደታመሙ አሳይቷል። ጫማ ያንን በሽታ እንደሚከላከል ለማስተማር ብዙ ተደክሟል፤ ጥሩ ውጤትም ተገኝቷል። ያው ጫማ የእርጉዝ ሴትን ደም እንደሚጠብቅ ግን በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ሲነገር አይሰማም።

ስለ ትልም ቢሆን ወላይታ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለው። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ «ጌሺያሮ» የተባለውን ፕሮጀክት የተከለው በዚህ ዞን ነው። ቃሉ በወላይትኛ ንጽሕና ማለት ነው። ፕሮጀክቱ የአንጀት ትሎችንና የቢልሃርዚያን መተላለፍ ጨርሶ ለማቋረጥ አልሞ ተነሳ፤ ኪኒኑም ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለመላው ኅብረተሰብ እንዲሰጥ አደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁክዎርም ከልጆች ይልቅ በአዋቂዎች ላይ ይበረታል፤ ትምህርት ቤት ብቻ መድኃኒት ሲሰጥ የቤቱ እናት ትታለፋለች። በጅምላ ዘመቻ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያለች ነፍሰ ጡር መድኃኒቱን አትወስድም። ስለዚህ ከአራተኛው ወር ጀምሮ የምታገኘው በክትትሏ ወቅት ነው፤ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ነው። የክትትል ክፍሉ ይህን ከረሳ ሌላ የሚያስታውስላት የለም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከቆላው ይመጣል። ከዳሞታ ተራራ ሥር ከተኛችው ሶዶ ቁልቁል ወደ ሁምቦ፣ ወደ አባያ ሐይቅና ወደ ቢላቴ ወንዝ ሲወረድ የወባ አገር ይጀምራል። የወባ ጥገኛ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሲወጣ ያፈነዳዋል። በእርግዝና ወቅት ደግሞ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል፤ ትኩሳት ሳይኖር ደም እያለቀ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በእንዲህ ያለ ዓመት ለደከመች የቆላ ነፍሰ ጡር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን በላሽ?» ሊሆን አይገባም። አጎበር ውስጥ ትተኛለች ወይ፣ የደም ምርመራ ተደርጎላታል ወይ የሚለው ይቀድማል።

ከምግቡ እምነት ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላም አለ፤ «ድካም የእርግዝና ወግ ነው» የሚለው። ራስ ማዞር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ አፈር ወይም ጭቃ የመብላት አምሮት፣ ሁሉም የእርግዝና ነገር ተብሎ ይታለፋል። እርግጥ ደም በእርግዝና ጊዜ በተፈጥሮው ይቀጥናል። ግን ይህ መቅጠን በመለኪያው ውስጥ አስቀድሞ ታስቦበታል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሂሞግሎቢን 12 ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ወሰኑ፣ ለነፍሰ ጡር 11 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ለመካከለኛው ሦስት ወር ወደ 10.5 ዝቅ አድርጎታል። ከዚህ በታች የወረደ ደም በሽታ ነው፤ ከ7 በታች ከሆነ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ሶዶ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ከፍታው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሂሞግሎቢን ይሠራል። ስለዚህ መመሪያው ከተለካው ቁጥር ላይ ለከፍታው ተቀናሽ ያዛል፤ በዚህ ከፍታ ከ1 ግራም በላይ ነው። አንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር በሶዶ ተለክታ 11.5 ወጣላት እንበል። ወረቀቱን ያየ «ደህና ነሽ» ይላታል። ተቀናሹ ሲቀነስ ግን ቁጥሩ ከ10.5 በታች ይወርዳል፤ ደም ማነስ አለባት። ያው 11.5 ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ላለች ሴት ጤና ነው። የዓይን ቆብ ገልቦ ማየት ደግሞ ከባዱን ደም ማነስ ይለይ ይሆናል፤ ቀላሉንና መካከለኛውን ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። ሳይለኩ «ብዪ» ማለት ሳይመዝኑ ዋጋ መናገር ነው።

አሁን ወደ ኪኒኑ። በጤና ተቋማት አካባቢ ሌላ ወቀሳ ይደመጣል፤ «ኪኒን እንሰጣቸዋለን፣ አይውጡትም» የሚል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 እናቶች 60ዎቹ በእርግዝናቸው አይረን እንደወሰዱ፣ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 11 ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህን ልዩነት የሴቶች ግድየለሽነት ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ወደ ሴቶቹ ቀርቦ የጠየቀ ግን ሌላ ይሰማል። ኪኒኑ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ሰገራን ያጠቁራል። ሰገራ እንደሚጠቁር አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ስታየው ደንግጣ ትተወዋለች። «ልጁን ያወፍረዋል፣ ምጥ ይከብድሻል» የሚላት ጎረቤትም አይጠፋም። የመጀመሪያ ክትትሏን በስድስተኛው ወር የጀመረች ደግሞ 90 ቀን የምትሞላበት ጊዜ ጠቧት ነው የምትነሳው።

እነዚህ ሁሉ መልስ አላቸው፤ መልሱም በአምስት ደቂቃ ንግግር የሚያልቅ ነው። ሰገራ መጥቆሩ የብረቱ ቀለም ነው፤ አደጋ የለውም። የሚያቅለሸልሻት ማታ ከመኝታ በፊት፣ ካስፈለገም ከትንሽ ምግብ ጋር ትውሰደው። ብርቱካን ወይም ሎሚ አብሮት ቢኖር ብረቱ በተሻለ ይገባል። ልጁን አያወፍረውም፤ ክብደቱ አንሶ ወይም ያለ ቀኑ እንዳይወለድ ያግዘዋል። ያልቻለችው ሴት ለብቻዋ ከማቋረጥ ይልቅ ተመልሳ ለባለሙያው ትንገር።

ስለ ቡናም ማንም በግልጽ አይነግራትም። ወላይታ ቤት ቡናው ብቻ ሳይሆን በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የሚፈላው የቡና ቅጠልም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ከምግብ ጋር ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ግማሹንና ከዚያ በላይ ሊያስቀሩ ይችላሉ። መፍትሔው ቡናን መከልከል አይደለም፤ ማንም አይሰማምና። ከማዕዱና ከኪኒኑ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ማራቅ ነው። ያለችውን አደንጓሬ በደንብ ዘፍዝፎ መቀቀል፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ስጋ ሲገኝ አብስሎ ከሁሉ በፊት ለእርጉዟ መስጠት ደግሞ ይቻላል። ምግብ መድኃኒቱን የሚያግዘው እንዲህ ባለ ዝርዝር ነው፤ «በደንብ» የሚለው ቃል ግን ለሴትየዋ ምንም አይነግራትም።

«ምክሩ ባይጠቅምም አይጎዳ» የሚሉ አሉ። ይጎዳል፤ ጊዜ ይበላል። በአምስተኛው ወር ድካሟን ተናግራ በምክር ብቻ የተሸኘች ሴት በሰባተኛው ወር ስትመለስ ሁለት ወር ባክኗል። በአግባቡ የተዋጠ ኪኒን በአንድ ወር ገደማ ሂሞግሎቢንን 1 ግራም ያህል ከፍ ያደርጋል ተብሎ ይጠበቃል። ደም ማነሱ ከተረጋገጠ ዕለታዊው መጠን ወደ 120 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። ከወር በኋላ ተለክቶ ካልጨመረ ትል፣ ወባ ወይም ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ምጥ ከመድረሱ በፊት ይህን ሁሉ ለማድረግ ወራት ያስፈልጋሉ። ምጥ ላይ ሌላ ሴት የምትቋቋመው መጠነኛ ደም መፍሰስ ደሟ ቀድሞ ላለቀ ሴት ሞት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚደመጠው መከራከሪያ ግን «እናቶቻችን ያለ ኪኒን ወልደው አሳድገውናል» የሚለው ነው። የሚናገሩት የተረፉት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ቁጥሩን ያወረዱት ክትትሉ፣ ተቋሙና መድኃኒቱ ተባብረው ነው። ያለ እነሱ ከወለዱት እናቶች ምስክር ለመሆን ያልቆዩት ጥቂት አይደሉም። ከደም ማነስ ጋር የተረፈችውም ቢሆን ልጇን በባዶ ጎተራ ትወልደዋለች፤ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚኖርበትን ብረት የሚያከማቸው ከእሷ ነውና። ስትወልድ እትብቱን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቆ መቁረጥ ለልጁ ተጨማሪ ደም ያስተላልፋል፤ ምንም ወጪ የለውም።

ጥያቄው ለዞኑም ለክልሉም የሚቀርብ ነው። ሶዶ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት። በሁሉም ጤና ጣቢያዎች የሂሞግሎቢን መለኪያና ፍጆታው ሳይቋረጥ መገኘቱ፣ የከፍታ ተቀናሹ በክትትል ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፉ፣ የትል መድኃኒቱ በካርዱ ላይ የራሱ መስመር እንዲኖረው ማድረጉ ከአቅሟ በላይ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ጫማውን፣ አጎበሩንና ኪኒኑን በአንድ ጉብኝት ልትጠይቅ ትችላለች። ባልም ምን እንደተለካ ይወቅ፤ የሚቀጥለው እርግዝና ከወሊድ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲርቅ የሚወስነው እሱም ነውና።

መስከረም ሲጠባ፣ ጊፋታ ደርሶ በሬው ሲጣል፣ ክረምቱ ትቶት በሄደው ውሃ ላይ የቢላቴ ዳር ትንኝም ይረባል። በዚያ ወር ከቆላው ወደ ጤና ጣቢያ የምትወጣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ቤቷ ሥጋ አለ፤ ምናልባት ለአንድ ሳምንት። ካርዷ ላይ ግን ሌላ ነገር መጻፍ አለበት፦ የሂሞግሎቢኗ ቁጥር ከከፍታው ተቀናሽ ጋር፣ የወባ ምርመራዋ ውጤት፣ የትል መድኃኒቱን የወሰደችበት ቀን፣ የተሰጣት የኪኒን ብዛት፣ እና በጥቅምት ተመልሳ ዳግም የምትለካበት ቀን።